የሐይቅ ጀልባ ወለል ለምን ሆድ አወጣ? ከኮምቦልቻ የተነሳ የብየዳ ክርክር

ሰሞኑን በያጆች በሚወያዩበት መድረክ ላይ አንድ ክር (የጥያቄና የምላሽ ሰንሰለት) በጣም ረዘመ። ጥያቄው የተነሳው ከኮምቦልቻ ነው። ምላሹ ግን ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ማዶም ጎረፈ። ብዙ ሰው የላይኛውን ሳያነብ መሃል ላይ እየገባ ስለተከራከረ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው በቁጥሩ ላስኪደው። እግረ መንገዴን የራሴንም ሐሳብ እጨምራለሁ። ሰው የሚሳፈርበት ጀልባ ነውና ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም።

ጠያቂው አነስተኛ የብየዳ ቤት አለው። የዘወትር ሥራው በር፣ መስኮትና የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ነው። አሁን ደግሞ ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ የብረት ጀልባ ታዘዘ። ወለሉ 6 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ መረጠ። ላሜራው 1 በ2 ሜትር ስለሆነ ስድስቱን በሁለት ረድፍ ደረደራቸው። ከዚያ መሃል ለመሃል የሚሄደውን የ6 ሜትር መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ በየደው። ቀጥሎ አጫጭሮቹን የ1 ሜትር መስመሮች ዘጋ። በመጨረሻም በየግማሽ ሜትሩ ባለ 40 ሚሊ ሜትር አንጎላሬ (ማእዘን ያለው የማጠንከሪያ ብረት) አጋድሞ፣ ግራና ቀኙን ምንም ክፍተት ሳይተው ጠርቅሞ በየደ።

በማግሥቱ ሲያየው ወለሉ በአንጎላሬዎቹ መሃል ሆድ ሆድ አውጥቷል። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ በድርቅ የከሳ በሬ ጎድን ይመስላል። የጀልባው ሁለት ጫፎችም ከመሬት ተነስተዋል። ጥያቄው እንግዲህ በእሳትና በመዶሻ ይቃና ወይስ ተቆርጦ እንደ አዲስ ይሠራ የሚል ነበር። አሠሪው ውሃ ላይ ሲያርፍ በራሱ ይስተካከላል እያለ እንደሚያጣድፈውም ጨመረበት።

ምላሽ 1 መርሐባ ብሎ የጀመረ ጨዋ ሰው ነው። ለሐይቅ የብረት ጀልባ ለመሥራት መነሳቱን አደነቀና አብሽር ብሎ አጽናናው። ምክሩ ግን አላማረኝም። ወለሉን ገልብጦ ሆዱን በትልቅ መዶሻ እየመታ እንዲያስገባው፣ ከዚያም አሸዋ የሞላ ጆንያ ጭኖበት እንዲያሳድረው ነበር የነገረው።

ምላሽ 2 ደሴ ውስጥ ባትላሜራ (የተጎዳ የመኪና አካል ማቃናት) የሚሠራ ሰው ነው። በአክብሮት ግን በማያሻማ መንገድ አረመው። ላሜራው መሃሉ ላይ አልረዘመም፤ ያጠረው ዙሪያው ነው አለ። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ጠርዙን ይሰበስበዋል። መሃሉ መሄጃ ሲያጣ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ይወጣል። ሆዱን በመዶሻ ሲመቱት ብረቱ ይሳሳል፣ ስፋቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ ሆዱ ይብስበታል እንጂ አይገባም። መመታት ያለበት ነገር ካለ ያጠረው ብየዳ ራሱ ነው፤ እሱም ከሥሩ ጠንካራ ብረት ተይዞለት ነው።

ለሆዱ የሚሆነውን መላም አስቀመጠ። የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ነጥብ በጋዝ ይሞቃል። ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን እሳቱ ይነሳል። ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይቀዘቅዛል። ቀጣዩ ነጥብ እዚያው አጠገቡ ሳይሆን ራቅ ብሎ ይደረጋል። የጋለችው ነጥብ ልትሰፋ ስትል ዙሪያዋን የከበባት ቀዝቃዛ ብረት አያፈናፍናትም። መውጫ ስታጣ በውፍረቷ ታብጣለች። ስትቀዘቅዝ ደግሞ ከበፊቱ አንሳ ትገኛለች። በዚህ ዓይነት የተረፈው ላሜራ ቀስ በቀስ ይሰበሰባል።

ይህን መልስ ሁለት ጊዜ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ጀልባውን ያጣመመው ነገር እና ጀልባውን የሚያቃናው ነገር አንድ ናቸው። ልዩነቱ እሳቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ምላሽ 3 የቴክኒክና ሙያ መምህር ነው። ቁጥር ይዞ መጣ። ብረት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር በየሜትሩ 0.012 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። 6 ሜትር ብረት በ100 ዲግሪ ቢሞቅ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል ማለት ነው። እንዳይረዝም ከሁለት ወገን ከተያዘ ግን ውስጡ ይጨነቃል። ተራ ብረት ጭንቀቱ 250 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ሲደርስ እጅ ይሰጣል፣ ማለትም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም፤ ሙሉ በሙሉ ከተያዘ እዚያ ለመድረስ የ100 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይበቃዋል። በያጁ ደግሞ ብረቱን እያቀለጠ ነው፤ 1500 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ብየዳ አጠገብ ብረቱ እጅ ወደሚሰጥበት ልክ የተጠጋ ጉተታ ይቀራል። ራቅ ያለው የላሜራ ክፍል ያን ጉተታ ለመመከት ይታመቃል። ወፍራም ብረት መታመቁን ይችለዋል። 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ግን አይችልም፤ ይታጠፋል። መምህሩ ሁለት ነገር ለይተን እንድናይ አሳሰበ። አንዱ በዓይን የሚታየው መጣመም ነው። ሌላው የማይታየው፣ ብረቱ ውስጥ ተቆልፎ የቀረው ውጥረት ነው።

ምላሽ 4 ምስጋና ብቻ ነው።

ምላሽ 5 ላይ ነገሩ መሞቅ ጀመረ። ይህ ሰው ለረጅም ዓመታት የጭነት መኪና የዕቃ መጫኛ አካል እንደሠራ ጻፈ። ለሱ ጥያቄው የሚያስቸግር አይደለም። ጀልባ እስካላፈሰሰ ድረስ መልኩ አያሳስበውም። እንዲያውም ብየዳው ደህና እንዲሆን በላዩ ላይ አንድ ዙር እንዲደገም መከረ። ብየዳ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል ባይ ነው።

ምላሽ 6 በቁጣ ነው የመለሰለት። ቁጣው ባያስፈልግም ሒሳቡ ትክክል ነው። አንጎላሬውን ከወለሉ ጋር የሚያያዘው የማእዘን ብየዳ እግሩ (በእያንዳንዱ ብረት ላይ የተኛበት ልክ) 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ብየዳው ሲቆረጥ የሚታየው ስፋት 4.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው እግር 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያ 18 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። እግሩ እጥፍ ሲሆን የፈሰሰው ብረት አራት እጥፍ ሆነ። ኤሌክትሮዱም፣ ሙቀቱም፣ መሰብሰቡም በዚያው ልክ ጨመረ። ጥንካሬው ግን አልጨመረም። ላሜራው ራሱ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጉልበት ቢመጣ ቀድሞ የሚቀደደው ላሜራው ነው።

እኔም እዚህ ላይ አቋም አለኝ። በየቤቱ የማየው ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ደንበኛው ወፍራም ብየዳ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ በያጁም ደንበኛውን ደስ ሊያሰኝ ይደርብበታል። በር ላይ ከሆነ ትርፉ ኤሌክትሮድ ማባከን ነው። ቀጭን የጀልባ ወለል ላይ ግን ጀልባውን ያበላሸዋል።

ምላሽ 7 ስለ አምፔር አነሳ። ጠያቂው የተጠቀመው ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ እንደሆነ ከፎቶው አውቆታል። ወደ ብረቱ የሚገባውን ሙቀት ሒሳብ እንዲህ አቀረበው። ቮልቱ በአምፔሩ ይባዛል፤ ያ በ60 ይባዛል፤ ከዚያ በደቂቃ በተኬደው ሚሊ ሜትር ይካፈላል። በ24 ቮልትና በ120 አምፔር፣ በደቂቃ 150 ሚሊ ሜትር እየተሄደ ከተበየደ በየሚሊ ሜትሩ 1.15 ኪሎ ጁል ገደማ ይገባል። ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ በ22 ቮልትና በ75 አምፔር ይዞ በደቂቃ 200 ሚሊ ሜትር ለሚሄድ ሰው ግን 0.5 ኪሎ ጁል አይሞላም። ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ለቀጭን ላሜራ ቀጭን ኤሌክትሮድ፣ ፈጠን ያለ እጅ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከምላሽ 8 እስከ 10 ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ቀን ላይ መብራቱ ስለሚዋዥቅ አምፔር መምረጥ ቀልድ ነው ብሎ አማረረ፤ ሥራውን ሁሉ ወደ ሌሊት እንዳዞረም ነገረን። ሌላው የኤሌክትሮድ ዋጋ አነሳ። ሦስተኛው ደግሞ ከጠያቂው ላሜራዎች አንዱ ዚንክ የተቀባ መሆኑን ፎቶው ላይ አይቶ፣ ከብየዳው በኋላ ወተት እንዲጠጣ መከረው። ይህን ሳላርም አላልፍም። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጢስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ ሳንባ ውስጥ የገባውን ጢስ አያወጣም። የሚያድነው ብየዳው በሚያርፍበት ቦታ ዚንኩን በዲስክ ፍቆ ማንሳት፣ ነፋስ ባለበት መሥራትና ትክክለኛ ጭምብል ማድረግ ነው። ወጣት በያጆች ወተቱን ተማምነው ጢሱን ሲጠጡ ማየት ያሳዝነኛል።

ምላሽ 11 ክሩን ወደ ቦታው መለሰው። ጸሐፊው የወሎ ልጅ ነው፤ አሁን ባሕረ ሰላጤው አገር መርከብ የሚጠገንበት ቦታ ይሠራል። ጠያቂውን አያ ብሎ እየጠራ፣ ምንም ሳይንቅ፣ እነሱ እንዴት እንደሚሠሩ ዘረዘረ። ላሜራ ከላሜራ ሲገጣጠም መጀመሪያ የሚበየዱት አጫጭሮቹ መጋጠሚያዎች ናቸው። ረጅሙ መስመር የሚዘጋው ከነሱ በኋላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አጭሩ መስመር ሲቀዘቅዝ ላሜራዎቹን ወደ ራሱ ይስባል፤ ለመሳብ ደግሞ ነጻ መሆን አለባቸው። ረጅሙ ቀድሞ ከተዘጋ ግን የአጭሩ ጫፍ ተቆልፏል። መሰብሰብ ይፈልጋል፣ አይችልም፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ውጥረቱ ይከማቻል። ስንጥቅም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሥራው ከጀልባው መሃል ተነስቶ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሄዳል። ሁለት በያጆች ካሉ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እኩል ይራመዳሉ። ረጅሙ መስመር በአንድ ትንፋሽ አይበየድም። ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር በሆኑ ቁርጥራጮች ይከፈላል። ሥራው በጠቅላላው ወደ ጫፍ ይሂድ እንጂ እያንዳንዷ ቁራጭ የምትበየደው ወደ ኋላ፣ ወደ መሃል እየተመለሰች ነው። ላሜራ ሲቆረጥም ብየዳው የሚበላው ታስቦ ትንሽ ተርፎ ይቆረጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላም የተጣመመ ካለ በእሳት ይቃናል፤ ሙቀቱ ግን ከ650 ዲግሪ እንዲያልፍ አይፈቀድም። እንዲያውም የመርከብ አፍንጫ ላይ ያለውን ጎባጣ ላሜራ የሚያጎብጡት በዚሁ ዘዴ ነው። በጋዝ እሳት መስመር እያሰመሩ፣ ከኋላ በውሃ እያቀዘቀዙ ይሄዳሉ። የሚያጣምመውን ኃይል አገልጋይ አደረጉት ማለት ነው።

ምላሽ 12 ይህን ሁሉ ድካም አያስፈልግም ባይ ነው። ወለሉን ከከባድ የብረት ጠረጴዛ ጋር በክላምፕ (በማጥበቂያ መያዣ) ጠፍሮ መበየድና እስኪቀዘቅዝ አለመፍታት በቂ ነው አለ። ብዙ ሰውም ደገፈው።

ምላሽ 13 የተቃወመው የአሜሪካ መርከቦችን ታሪክ አንስቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሊበርቲ የሚባሉ 2,710 የጭነት መርከቦች ተሠሩ። ብሎን በመሰለ የጋለ ምስማር መገጣጠሙ ቀርቶ በብየዳ ስለሆነ ሥራው በጣም ፈጠነ። ብዙዎቹ ግን ተሰነጣጠቁ። ይህ ሰው ስኬኔክታዲ የምትባለዋ ሊበርቲ መርከብ ወደብ ላይ እንደቆመች ለሁለት የተሰበረችው ታፍኖ በቀረ የብየዳ ውጥረት ነው ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 14 ያው መምህር ነው። ሁለት እርማት ሰጠ። ስኬኔክታዲ ሊበርቲ አልነበረችም፤ ቲ2 የሚባል ዓይነት የነዳጅ መርከብ ናት። የተሰበረችውም እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1943 ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ላይ፣ ውሃው ጸጥ ባለበት ነው። ጥፋቱም የውጥረት ብቻ አይደለም። የዚያ ጊዜው ብረት ሲበርደው እንደ መስተዋት የሚሰባበር ነበር። ይህን አጥንታ ያሳየችው የካምብሪጇ ኮንስታንስ ቲፐር ናት። በዚያ ላይ የሊበርቲዎቹ የዕቃ መጫኛ አፎች ማእዘናቸው ስል ነበር፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። የተበየደ አካል ደግሞ አንድ ወጥ ስለሆነ ስንጥቁን የሚያስቆመው መጋጠሚያ የለም። በብየዳው አጠገብ የቀረው ውጥረት በዚህ ሁሉ ላይ ተጨማሪ ሸክም ሆነ።

ከዚያ ወደ ክላምፑ ተመለሰ። ጠፍሮ መበየድ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ስህተት አይደለም። ግን ብረቱ መጣመም ሲከለከል ውጥረቱ የትም አልሄደም። ቀጥ ያለ ጀልባ ሁሉ ከውጥረት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በኔ እምነት የክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሰው በዓይኑ ያየውን ሲያቃና ችግሩ ያለቀ ይመስለዋል። ክላምፕ የሚጠቅመው ሙቀቱ ከተቀነሰ፣ ቅደም ተከተሉም ከተስተካከለ በኋላ ነው። በነሱ ፋንታ ከገባ የሚታየውን ችግር ወደማይታይ ይለውጠዋል።

ምላሽ 15 የአምስተኛው ሰውዬ ነው። የሐይቅ ውሃ የአሜሪካ ክረምት አይደለም፤ እዚህ መስተዋት የሚሆን ብረት የለም አለ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ ግን መምህሩን ጠመኔ እንጂ ኤሌክትሮድ ጨብጦ አያውቅም ብሎ ዘለፈው። ጥቂት ሰዎች ተከትለውት ጨዋታው ወደ ስድብ ሄደ። መድረኩን የሚጠብቀው ሰው የተወሰኑትን አጠፋ። የቀረው ይበቃል።

ምላሽ 16 ክሩን አዳነው። ደሴ ውስጥ የውሃ ታንከር የምትበይድ ሴት ናት። ሁለቱንም ጋሼ ብላ ካከበረች በኋላ ለመጨቃጨቅ ምክንያት የለም አለች። ብርዱ ባይኖርም ሞተሩ አለ። የጀልባ ሞተር ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ተወጥሮ የቆየ ብየዳ ላይ ንቅጥቅጥ ሲደጋገምበት ስንጥቅ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለዚህ ውርጭ አያስፈልገውም።

ቀጥላ እሷ ራሷ ከትልቅ ሥራ በፊት የምታደርገውን ነገረችን። ከዚያው ላሜራ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ትቆርጣለች። ከዚያው አንጎላሬ ትንሽ ቆርጣ መሃሉ ላይ ታቆማለች። በዚያው ኤሌክትሮድና አምፔር ትበይደዋለች። እጅ እስኪያስነካ ስታቆየው የላሜራው ሁለት ጠርዞች ወደ አንጎላሬው ቀና ይላሉ። በስኳድራ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሱ ትለካለች። ዋናውን ስትሠራ ከመስመሩ ሥር ቀጭን ብረት አስገብታ፣ ጠርዞቹን በክላምፕ ወደ ታች አጉብጣ በዚያው ልክ ታሳልፋቸዋለች። ብየዳው ሲስባቸው ወደ ቀጥታው ይመጣሉ። ብረቱ የሚፈልገውን ያህል ስለተንቀሳቀሰ ውጥረቱም ይቀንሳል። ክላምፕ ለምን እንደሚውል ከዚህ የበለጠ ያስረዳ አላየሁም።

ለአንጎላሬዎቹም ምክር አላት። 50 ሚሊ ሜትር በይዶ 100 መዝለል፤ በወዲያኛው ጎን ደግሞ የተዘለለው ፊት ለፊት መበየድ።

ምላሽ 17 በዚህ ላይ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ጀልባ ወለል ላይ ውሃ አይጠፋም። በተዘለለው ቦታ ውሃው አንጎላሬው ሥር ገብቶ ይቀመጣል፤ ቀለም የማይደርስበት ዝገት እዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ውሃ በሚተኛበት ቦታ ብየዳው ያልተቋረጠ ግን ቀጭን ይሁን፤ ከዚያ ከፍ ባለው ጎን መዝለሉ ይሻላል። ሴትየዋም ተስማማች። ታንከር ላይ አንጎላሬው ከውጭ ስለሆነ ይህ አይገጥማትም።

ምላሽ 18 ጀልባውን በሙሉ በከሰል አግሎ ውጥረቱን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ አጭር መልስ ሰጠ። ወፍራም የግፊት ታንኮች በምድጃ ውስጥ ወደ 600 ዲግሪ እየተወሰዱ፣ በየ25 ሚሊ ሜትር ውፍረታቸው አንድ ሰዓት ያህል ይቆያሉ። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ወለል በከሰል ቢሞከር በራሱ ክብደት ይለምጣል። ፀሐይ ላይ ትቶ እንዲያርፍ ማድረግም ምንም አይጠቅም።

ምላሽ 19 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። አሠሪውን አሳምኖ ጊዜ አገኘ። የአንጎላሬዎቹን ትርፍ ብየዳ በግራይንደር እየፈጨ አነሳ፤ ከፍ ባለው ጎን ያለውን አብዛኛውን ሙሉ በሙሉ አላቀቀ። ሲያላቅቅ አንዳንዱ ቦታ ላይ ላሜራው ጧ ብሎ ዘሎ ተነሳ። ያ ድምፅ የተቆለፈው ውጥረት ሲለቀቅ ነው። ከዚያ በባትላሜራው ሰው መንገድ ነጥብ በነጥብ አሞቀ። ሆዱ በጣም ቀነሰ፤ ፎቶው ላይ ይታያል። ጫፎቹ ግን አሁንም ትንሽ ቀና እንዳሉ ናቸው። የመርከቡ ቤት ሰው ጫፎቹን ይተዋቸው ብሎ መከረ፤ ለጠፍጣፋ ጀልባ ጫፉ ቀና ማለቱ አይጎዳውም።

ምላሽ 20 ያችው ሴት ናት። ቀለም ሳይቀባ ብየዳውን በላምባ እንዲፈትሸው ነገረችው። በአንድ ወገን ኖራ በውሃ ተበጥብጦ ይቀባና እስኪደርቅ ይጠበቃል። በሌላው ወገን ላምባ ይቀባል። ላምባ ውሃ በማያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ሰርጎ ያልፋል። ነጩ ኖራ ላይ ወዝ ከታየ እዚያ ሽንቁር ወይም ስንጥቅ አለ። እሳት ያለበት አካባቢ እንዳይሞክረው፣ ተጠርጎ ሳይደርቅም እንዳይበይድ አስጠነቀቀችው።

ምላሽ 21 የጠያቂው ነው። ላምባው አሳየው። ረጅሙና አጫጭሮቹ መስመሮች ከሚገናኙባቸው ሁለት ነጥቦች በአንዱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተገኘች። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ስንጥቅ እዚያ ይጀምራል ተብሎ ምላሽ 11 ላይ ተነግሮ ነበር። በዓይን ሲታይ ቦታው ደህና ነበር። ቀለም ቢቀባበት ኖሮ ማንም አያየውም።

የመርከቡ ቤት ሰው አጠጋገኑን በዝርዝር ጻፈለት። በላዩ ላይ ደርቦ መበየድ ስንጥቁን መሸፈን ነው። መጀመሪያ የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳሉ፤ እንዳይቀጥል ያቆሙታል። ከዚያ ስንጥቁ ጨርሶ እስኪጠፋ ይፈጫል። ከአጭሩ መስመር ክንድ የሚያህል ይከፈታል፣ ጫፉ እንዲላወስ። ረጅሙም በግራና በቀኝ ትንሽ ይከፈታል። አጭሩ ቀድሞ ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝ ረጅሙ ይከተላል። ላምባው ይደገማል።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞተሩ መቀመጫ ነበር። የኋላው ግድግዳ ላይ ተጨማሪ ብረት መደረብ ግድ ነው። ምላሽ 23 የተደረበው ብረት ማእዘኖቹ ክብ እንዲሆኑ፣ ብየዳውም ማእዘን ላይ እንዳይጀምርና እንዳያልቅ መከረ። እኔ የምጨምረው ይህን ነው። ሐይቅ ላይ የሚሳፈረው ብዙ ሰው ዋና አይችልም። ስለዚህ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ጀልባው በሚጭነው ሰው ክብደት ልክ አሸዋ ይጫንበት። ዳር ላይ ታስሮ ሞተሩ ይሥራ። ከዚያ ወጥቶ ሁለቱ መገናኛዎችና የሞተሩ ግድግዳ እንደገና በላምባ ይታዩ። አሠሪው ቢያጣድፍም ይህ እስኪሆን ጀልባውን አታስረክብ።